ቁርጡ የሌለው ቁርጠኝነት

የማታ ዜና የሚከታተል ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃታል። «ሁለቱ ወገኖች ግንኙነታቸውን ወደ ላቀ ደረጃ ለማሸጋገር ያላቸውን ቁርጠኝነት በድጋሚ አረጋገጡ።» ሚኒስትር ከአምባሳደር ጋር በተገናኘ ቁጥር ትመጣለች። የባንክ ልዑካን ሲመጡ ትመጣለች፣ የመሪዎች ጉባኤ ሲዘጋ ትመጣለች። የአገሩና የእንግዳው ስም ይለወጣል እንጂ እሷ አትለወጥም።

«በድጋሚ» የምትለውን ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው ማረጋገጫ ምን ሆኖ ነው ድጋሚ ያስፈለገው?

ዛሬ ስለዚህች ቃል ነው የማወራው። «ቁርጠኝነት» ቃሏ የእኛ ናት፤ በዜናና በመግለጫ ውስጥ ስትገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝኛውን «ኮሚትመንት» ወንበር ይዛ ነው። የሰዋስው ክርክር ልከፍት አይደለም። ከብድር እስከ ሰላም ስምምነት ሕይወታችንን የሚወስኑ ሰነዶች በዚህች በእንግሊዝኛዋ ቃል ተሞልተዋል፤ ወደ አማርኛ ስትሻገር ከውስጧ አንድ ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። የሚቀረው ደግሞ ዜጋው ቆሞ «የታለ?» ብሎ ሊጠይቅበት የሚችለው ክፍል ነው።

ከራሳችን ቋንቋ ልጀምር። በአማርኛ ነገር «ተቆረጠ» ሲባል አለቀለት ማለት ነው። ሽማግሌዎች «ቀን ይቆረጥልን» ሲሉ የሙሽራው ወገን ልጅቷን ምን ያህል እንደሚወድ ሊሰሙ አይደለም፤ ቀኑን ፈልገው ነው። «ቁርጡን ንገረኝ» የሚል ሰው ስለ ስሜትህ አልጠየቀህም፤ ይሆናል ወይስ አይሆንም፣ ስንት ነው፣ መቼ ነው እያለህ ነው። ቁርጥ ዋጋ ከተባለ መከራከር የለም። ቁርጥ ግብር የሚከፍል ባለሱቅ፣ ግብሩ ቢበዛበትም፣ የሚከፍለውን ያውቃል።

ከዚሁ ሥር «ቆራጥ» ወጣ። ቆራጥነት ግን የሰው ጠባይ ነው። በደርግ ዘመን የነበሩ አንባቢዎች ቃሉ የማን ቅጽል እንደነበር አይጠፋቸውም፤ «ቆራጥ አብዮታዊ መሪ» ሲባል ስም መጥራት እንኳን አያስፈልግም ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የልማት ሪፖርቶችና የለጋሾች ሰነዶች ሲበዙ «ፖለቲካዊ ቁርጠኝነት» የሚለው ሐረግ አብሮ ገነነ። እንግዲህ ቃሉ በየደረጃው ከነገሩ እየወጣ ወደ ሰውየው ልብ እየገባ ሄደ ማለት ነው። ቁርጥ ውጭ ያለ ነገር ነው፤ ቀን ነው፣ ዋጋ ነው፣ መጠን ነው። ቁርጠኝነት ውስጥ ያለ ነው። ልብ ውስጥ ያለውን ደግሞ ኦዲተር አይመረምረውም።

እንግሊዝኛው በሌላ መንገድ ነው የመጣው። መነሻው ላቲን ነው፤ ከአንድ ላይ ማገናኘት አልፎ ጉዳይን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት፣ አደራ መስጠት ማለት ሆነ። ኮሚቴና ኮሚሽንም የዚሁ ቃል የአጎት ልጆች ናቸው፤ ኮሚቴ ጉዳይ በአደራ የተሰጠው ቡድን ማለት ነበር። (ጉዳያችሁ «ለኮሚቴ ተመርቷል» የተባላችሁ ሰዎች አደራው የት እንደገባ ታውቁታላችሁ።) ዋናው ነገር ኮሚትመንት ውስጥ ከሥሩ ሁለት ወገን መኖሩ ነው፤ የሰጠና የተቀበለ። ብቻህን ሆነህ ቆራጥ መሆን ትችላለህ። በዚህ ትርጉሙ ኮሚትመንት ግን ከሌላው ጫፍ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል።

እርግጥ እንግሊዝኛውም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ትጋት ነው፣ ራስን ለአንድ ነገር መስጠት። አሠልጣኝ ስለ ተጫዋቹ «ኮሚትመንት አለው» ሲል ይህን ማለቱ ነው፣ እዚህ ላይ «ቁርጠኝነት» ምንም አይጎድለውም። ሁለተኛው ግዴታ ነው፣ የገባኸው፣ ካላደረግክ የምትጠየቅበት። የገንዘብ ሰዎች የሚያውቁት ይህን ነው። ባንክ ብድር ሲፈቅድልህ ኮሚትመንት ገብቷል፤ ገንዘቡን ለአንተ ብሎ ይዞታልና ገና ሳትወስደውም ሊያስከፍልህ ይችላል። የዓለም ባንክ መደበኛ የብድር ክንፍ ካልተለቀቀው ብድር ላይ በዓመት 0.25 በመቶ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። የኮምፒውተር ሰዎችም «ኮሚት» የሚሉት የተደረገው ለውጥ በቋሚነት እንዲመዘገብ የሚሰጥ ትእዛዝ አላቸው። ቁልፉን የተጫነው ሰውዬ ስሜት እዚያ ቦታ የለውም።

የሚገርመኝ ይህን ልዩነት ከዜና ክፍሎቻችን ይልቅ የሠፈር ወጣቶች አሳምረው መያዛቸው ነው። አንዲት ልጅ ስለ ፍቅረኛዋ «ኮሚትመንት ይፈራል» ስትል አይወደኝም ማለቷ አይደለም። ይወዳታል፣ በቀን አሥር ጊዜ ይደውላል፣ ቤተሰብ ጋ እንሂድ ስትለው ግን ሥራ ይበዛበታል። ቁርጠኝነት ሞልቶታል፤ የተቆረጠ ቀን ነው የሌለው። «ቁርጠኝነት የለውም» ብትል የምትለው ሌላ ነገር ይሆንባታል፤ ለዚህ ነው የእንግሊዝኛዋን ቃል እንዳለች የምትወስዳት። ስለ ጉራማይሌ የምናማርር ሰዎች እዚህ ጋ ትንሽ ብንታገሥ ጥሩ ነው።

ትልልቆቹ መንግሥታትም የቃሏን ክብደት ስለሚያውቁ ይፈሯታል። በእንግሊዝኛ አፋቸው ሞልተው ሲጠሯት የምትሰሟቸው በንግግር ላይ ነው፤ በሚፈረም ወረቀት ላይ ስትመጣባቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩባት ያድራሉ። የአየር ንብረት ድርድር ታሪክ ግማሹ የዚህች ቃል ታሪክ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

እ.ኤ.አ. በ1997 የጸደቀው የኪዮቶ ፕሮቶኮል የበለጸጉትን አገሮች በቁጥር ያሰረ ሰነድ ነበር። ልቀታቸውን የሚቀንሱበት ዘመን፣ ከ2008 እስከ 2012 ያለው፣ በስሙ «የኮሚትመንት ዘመን» ነበር የሚባለው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ዋርሶ ላይ ለቀጣዩ ስምምነት መሠረት ሲጣል ረቂቁ ሁሉም አገር ኮሚትመንቱን እንዲያዘጋጅ የሚል ነበር። ቻይናና ህንድ ይህ ግዴታ ለበለጸጉት እንጂ ለእኛ አይደለም ብለው ተነሡ። በመጨረሻው ሰዓት ተደራዳሪዎቹ አዳራሹ ውስጥ ተከማችተው የተስማሙበት መፍትሔ አንዲትን ቃል አውጥቶ ሌላ መተካት ነበር። ኮሚትመንት ወጣ፣ «አስተዋጽኦ» ገባ። ዛሬ እያንዳንዱ አገር፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ የሚያስገባው የአየር ንብረት ዕቅድ «በአገር ደረጃ የሚወሰን አስተዋጽኦ» የተባለው ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ነው። አስተዋጽኦ ደግሞ እንደ ዕድር መዋጮ አይደለም፤ ካልከፈልክ ቅጣት የሚጽፍብህ ጸሐፊ የለውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ድራማው ተደገመ። የመጨረሻው ረቂቅ ወጥቶ ሊጸድቅ ሰዓታት ሲቀሩት የአሜሪካ ጠበቆች አንድ አንቀጽ ላይ ደነገጡ። የበለጸጉ አገሮች የልቀት ቅነሳውን በመምራት እንዲቀጥሉ የሚለው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ «ሻል» ብሎ ተጽፏል፤ ይህ በሕግ ቋንቋ «ያደርጋሉ፣ ግዴታቸው ነው» ማለት ነው። እነሱ የፈለጉት «ሹድ» ነበር፤ «ማድረግ ይገባቸዋል» እንደ ማለት። አስገዳጁ ቃል ካለ ስምምነቱ ወደ አሜሪካ ሴኔት መሄድ ሊኖርበት ነው፣ ሴኔት ከገባ ደግሞ አይወጣም። ጉባኤው ዘገየ። በኋላ ከጽሕፈት ቤቱ የአርትዖት ማስተካከያዎች ሲነበቡ ያቺ ለውጥ ከነጠላ ሰረዝና ከፊደል ስሕተት ጋር ተደባልቃ አለፈች። ሊቀመንበሩ መዶሻቸውን መቱ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ።

እኛ ስለ አንድ ግስ ይህን ያህል መጨነቅ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱን ተማሪ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። አድዋን እንዘክራለን፤ የተዋጋንበትን ግስ ግን የምናነብበት ዓይን ያለን አይመስለኝም።

ስለ ገንዘብ ተስፋዎች ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ የበለጸጉ አገሮች ለድሃ አገሮች በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ሊሰጡ ቃል ገቡ ተብሎ በመላው ዓለም ተዘገበ። በዚያ ድርድር አፍሪካን ወክለው የተቀመጡት መለስ ዜናዊ ስለነበሩ ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው። ሰነዱ ላይ ያለው ግን ሲተረጎም እንዲህ ነው፤ የበለጸጉ አገሮች እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር በጋራ የማሰባሰብ ግብ ላይ ኮሚት ያደርጋሉ። ቀስ ብላችሁ ላጡት። ኮሚት ያደረጉት ለገንዘቡ አይደለም፣ ለግቡ ነው። ግቡ መስጠት አይደለም፣ ማሰባሰብ ነው፤ ስለዚህ ብድርም ይቆጠራል፣ በእነሱ ገፋፊነት የመጣ የግል ገንዘብም ይቆጠራል። «በጋራ» ስለሚል ደግሞ የትኛው አገር ስንት እንዳለበት አይታወቅም፤ ሁሉም ባለዕዳ የሆነበት ዕዳ የማንም አይደለም። 2020 መጣና ሄደ። ራሳቸው የበለጸጉት አገሮች ማኅበር ኦኢሲዲ በሠራው ሒሳብ እንኳን ቁጥሩ የተሞላው በ2022 ነው። በሁለቱ ዓመት መዘግየት ማን ተጠየቀ? ማንም። ዓረፍተ ነገሩ ከመነሻው የተሠራው ማንም እንዳይጠየቅበት ሆኖ ነው።

ለነጮቹ ብቻ እንዳይመስል፣ የራሳችን አህጉርም በዚህ አይታማም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2001 አቡጃ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ከዓመታዊ በጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገቡ እየተባለ እስከ ዛሬ በየጤና ጉባኤው ይነሣል። ጽሑፉን ያነበበ ሰው ግን ይስቃል። ቃል የገቡት 15 በመቶ ለመመደብ አይደለም፤ ቢያንስ 15 በመቶ የመመደብ ግብ ለማስቀመጥ ነው። ግብ ለማስቀመጥ ቃል መግባት! እንደ ሙሽራው አስቡት፤ «ቀን የምንቆርጥበትን ቀን ለማሰብ ቃል እገባለሁ» ቢል ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አድርገው ይወጣሉ።

እነዚህን ሁሉ ሰነዶች በአማርኛ ዜና ስትሰሟቸው አንድ ቀለም ነው ያላቸው። አስገዳጁም፣ ምኞቱም፣ ግብ የማስቀመጥ ቃሉም «ቁርጠኝነታቸውን ገለጹ» ሆኖ ይመጣል።

ችግሩ ኪስ ድረስ የሚገባው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን በተለቀቀበት ዕለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት ለኢትዮጵያ የአራት ዓመት ፕሮግራም አጸደቀ። መጠኑ ወደ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ነው። ወዲያው የሚለቀቀው ግን ወደ 1 ቢሊዮን ገደማ ነበር፤ ቀሪው በየግምገማው፣ ቅድመ ሁኔታው ሲሟላ እየታየ የሚሰጥ ነው። ይህን ድርጅቱ ራሱ በመግለጫው በግልጽ ጽፎታል። በማኅበራዊ ሚዲያና በታክሲ ውስጥ የነበረው ወሬ ግን «3.4 ቢሊዮን ገባ» ነበር። ዶላሩ ጎርፎ ሲሚንቶም ዘይትም ሊረክስ ነው ብሎ የጠበቀ ሰው አጋጥሞኛል። የእርዳታና የብድር ሒሳብ የሚሠሩ ድርጅቶች በሙሉ ሁለት ዓምድ አላቸው። በአንዱ ኮሚትመንት ይጻፋል፣ በሌላው በእውነት የተለቀቀው። በእኛ ዜና ሁለቱም ዓምዶች «ድጋፍ ተደረገ» በሚል አንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ። አንዳንዴም ያው ገንዘብ ሦስት ጊዜ ዜና ይሆናል፤ ቃል ሲገባ፣ ሲጸድቅ፣ ሲፈረም። ሲለቀቅ ደግሞ አራተኛ። አድማጭ አራት የተለያየ ብድር የመጣ ቢመስለው ምን ይፈረድበታል?

ከሁሉም በላይ ግን ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ የፕሪቶሪያው ስምምነት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፌዴራል መንግሥቱና በሕወሓት መካከል የተፈረመው ማለቴ ነው። ፖለቲካው ውስጥ ገብቼ ማን ልክ ነው ለማለት አይደለም፤ ሰነዱን እንደ ጽሑፍ እንድናነበው ነው የምፈልገው፣ ምክንያቱም አንድ ሰነድ ውስጥ ቁርጥና ቁርጠኝነት ጎን ለጎን ቁመው የሚታዩበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ትጥቅ መፍታትን የሚመለከተውን ክፍል ብታነቡ ሰዓት የያዘ ሰው የጻፈው ይመስላል። በ24 ሰዓት ውስጥ የአዛዦች የግንኙነት መስመር ይከፈታል። በአምስት ቀን ውስጥ ከፍተኛ አዛዦች ይገናኛሉ። ከዚያ ስብሰባ ማብቂያ በኋላ በአሥር ቀን ከባድ መሣሪያ ላይ ቅድሚያ ይሰጣል። ከፊርማው በ30 ቀን ውስጥ አጠቃላይ ትጥቅ መፍታቱ ይጠናቀቃል። ቀኖቹ በእርግጥ ተከበሩ ወይ ሌላ ጉዳይ ነው። ወዲያው ኅዳር 3 ቀን አዛዦቹ ናይሮቢ ላይ ሲፈራረሙ የከባድ መሣሪያው ጉዳይ የውጭና ከመከላከያ ውጭ ያሉ ኃይሎች ከክልሉ ከመውጣታቸው ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ አድርገውታል። ቢሆንም ቀን ስላለው ቀኑ ሲያልፍ ሁሉም አወቀ። ጋዜጠኛ ደውሎ «30 ቀኑ አልቋል፣ ምን ላይ ደረሰ?» ማለት ቻለ።

አሁን ወደ አንቀጽ 10 ንዑስ 4 እንሂድ። የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸውን አካባቢዎች በሚመለከት ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ተዋዋዮቹ ጉዳዩን በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሠረት ለመፍታት «ኮሚት ያደርጋሉ»። አለቀ። ቀን የለም። ማን ይጀምራል የሚል የለም። መጀመሪያ ተፈናቃይ ይመለሳል ወይስ መጀመሪያ ውሳኔ ይሰጣል የሚል የለም። የተፈናቃዮችን መመለስ የሚያነሣው ሌላው ድንጋጌም የጸጥታው ሁኔታ ሲፈቅድ ከሚል ማሰሪያ ጋር ነው፤ ሁኔታው መፍቀዱን የሚናገረው ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም።

ሕገ መንግሥቱስ? ሕገ መንግሥቱ ቁርጥ አለው። አንቀጽ 48 የክልሎች የወሰን ጥያቄ በክልሎቹ ስምምነት እንዲያልቅ፣ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ እንዲወስን፣ ጉዳዩ በቀረበለት በሁለት ዓመት ውስጥም የመጨረሻ ውሳኔ እንዲሰጥ ይላል። ሁለት ዓመቱ ግን መቁጠር የሚጀምረው ጉዳዩ ሲቀርብ ነው። ስምምነቱ ውስጥ ያለችው «ኮሚት» ደግሞ መቼ ይቀርባል ለሚለው መልስ የላትም። ሰዓት አለ፤ ቁልፉን የሚያዞረው ሰው ነው ያልተጻፈው።

ውጤቱን ሁላችንም እያየን ነው። ያችን ዓረፍተ ነገር አንዱ ወገን የቀድሞው አስተዳደር ወሰን ይመለስ ማለት ነው ብሎ ያነባታል፤ ሌላው የማንነት ጥያቄው በሕዝቡ ፍላጎት ይመለስ ማለት ነው ብሎ ያነባታል። ሁለቱም «ሕገ መንግሥታዊ» ነን ይላሉ፣ ሁለቱም ስምምነቱን ለመተግበር ቁርጠኛ መሆናቸውን ያረጋግጣሉ። እውነታቸውንም ሊሆን ይችላል። በመሃል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ውጭ ክረምትና በጋ ይፈራረቅባቸዋል። ትምህርት ቤት ውስጥ የተጠለለች እናት ስምምነቱ ውስጥ ለእሷ የተጻፈውን ክፍል ይዛ ወደ ማን ሄዳ «ቁርጡን ንገሩኝ» ትበል?

አንድ ወዳጄ፣ በድርድር ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው ነው፣ ይህን ሳወራው ተቆጣኝ። «ያቺ ቃል ባትኖር ኖሮ ፊርማውም አይኖርም ነበር» አለኝ። ተደራዳሪ የማይስማሙበትን ነገር ሆን ብሎ ሰፋ ባለ ቃል ይሸፍነዋል፣ ጥይቱ እንዲቆም፣ ለሌላው ጊዜ እንዲገኝ። እውነቱን ነው። ጥይት ማቆም ከቃላት ጥራት ይበልጣል፣ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የአደራዳሪ ሥራ ሌላ፣ የጋዜጠኛ ሥራ ሌላ ነው። አደራዳሪው ቀዳዳውን በጨርቅ ቢሸፍን ለሰላም ሲል ነው። እኔ ጨርቁን ግድግዳ ነው ብዬ ካስነበብኩ ለማን ብዬ ነው? አንባቢ «በዚህ ላይ ቀን አልተቆረጠም» የሚለውን በመጀመሪያው ቀን ቢያውቅ ኖሮ ጥያቄው በመጀመሪያው ወር ይጀመር ነበር።

ደግሞም ቀን ያለው፣ አስገዳጅ የተባለ ቃል እንኳን እንዴት እንደሚላላ አይተናል። የአልጀርሱ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ሲፈረም የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የመጨረሻና አሳሪ ይሆናል ይላል። ውሳኔው በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. መጣ። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአምስት ነጥብ የሰላም ሐሳቧ ውሳኔውን «በመርህ ደረጃ» መቀበሏን አሳወቀች። «በመርህ ደረጃ» የምትለዋ ሐረግ ብቻዋን አሥራ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ኖረች፤ እስከ ግንቦት 2010 ዓ.ም. ድረስ፣ የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ሙሉ በሙሉ እንቀበላለን እስኪል። አሳሪ የተባለው እንዲህ ከሆነ ያልታሰረውማ እንዴት ይሆን?

ለአንድ የውጭ ሚዲያ ዜና በምልክበት ጊዜ አንዲት አዘጋጅ ነበረች። የባለሥልጣን መግለጫ ተርጉሜ መንግሥት ለዚህ ጉዳይ ኮሚትድ ነው ብዬ ስልክላት ሁልጊዜ መልሳ የምትጽፍልኝ ሁለት ጥያቄ ነበር። ምን ለማድረግ? እስከ መቼ? ያኔ ታናድደኝ ነበር፤ ባለሥልጣኑ ያላለውን ከየት አመጣለሁ? የምትለኝ ግን ካላለ አላለም ብለህ ጻፍ ነው። «ሚኒስትሩ የጊዜ ሰሌዳ አልጠቀሱም።» አራት ቃል ናት። በአማርኛ ዜና ውስጥ ይህችን ዓረፍተ ነገር ፈልጋችሁ እስኪ ስንት ቦታ እንደምታገኟት ንገሩኝ።

ቋንቋችን ድሃ ሆኖ አይደለም። አማርኛ ሰው ለሰው ስለሚታሰርበት ነገር ቃል አላነሰውም። ቃል ኪዳን አለ፣ ውል አለ፣ ግዴታ አለ፣ ዋስትና አለ። ቀብድ አለ፤ ቃልህን በብር የምታስይዝበት። ስለት አለ፤ ከፈጣሪ ጋር እንኳን «ይህን ካደረግክልኝ ይህን አገባለሁ» ተብሎ በመጠን የሚነገርበት። ዕቁብ የሚጥል ሰው ዕጣ ሲወጣለት ሰብሳቢው ዋስ ጥራ ይለዋል። «እስከ መጨረሻው ለመክፈል ቁርጠኛ ነኝ» ብሎ ብር የወሰደ ዕቁብተኛ አይቼ አላውቅም። ያልተማሩ የምንላቸው እናቶቻችን በየሳምንቱ የሚጠይቁትን ጥያቄ የቢሊዮን ዶላር ስምምነት ላይ ስንደርስ እንረሳዋለን።

ስለዚህ እኔ በግሌ እንዲህ ማድረግ ጀምሬያለሁ። «ኮሚት» የምትል ቃል ሰነድ ውስጥ ስትመጣብኝ ለሁሉም አንድ ልብስ አላለብሳትም። አስገዳጅ ከሆነች «ግዴታ ገባ» እላለሁ። ቃል ብቻ ከሆነች «ቃል ገባ»፣ ያውም ለማን እንደሆነ ጨምሬ። ገንዘብ ከሆነች «ፈቀደ» ብዬ የተለቀቀውን ለብቻው እጽፋለሁ። ግብ ለማስቀመጥ ከሆነ ያንኑ እንዳለ፣ ቢያስቅም። የቀረው፣ ማለትም ቀንም ተቀባይም መጠንም የሌለው፣ እሱ ነው «ቁርጠኝነቱን ገለጸ» የሚባለው፤ ያን ጊዜ ቃሉ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው፣ ሰውዬው ስለ ልቡ ነግሮናልና። እንዲህ ስትጽፍ አንዳንድ ዜና ባዶ ሆኖ ይቀርብሃል። ከሦስት አንቀጽ መግለጫ ውስጥ የሚተርፈው «ተገናኙ፣ ተለያዩ» ብቻ የሆነበት ቀን አጋጥሞኛል።

ጊዜውም እየመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ዋርሶ ላይ የወጣችው ቃል፣ ፓሪስ ላይ የተቀየረችው ግስ፣ ኮፐንሃገን ላይ በአራት ሽፋን የተጠቀለለችው 100 ቢሊዮን፣ ሁሉም ከነልጆቻቸው እዚሁ ከተማችን ይመጣሉ። በመጨረሻው ሌሊት ረቂቁ ሲወጣ አዳራሹ ውስጥ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ጋዜጠኛ ይኖራል። በማግስቱ ጠዋት በሬዲዮ የምንሰማው «የዓለም መሪዎች ቁርጠኝነታቸውን በድጋሚ አረጋገጡ» ይሆናል ወይስ ሌላ? ከአሁኑ ሰነድ በመተርጎም ሥራ ላይ ያላችሁ የቻናሉ ተከታታዮች፣ «ኮሚት» እና «ሻል» ሲመጡባችሁ በአማርኛ ምን እያላችሁ እንደምታልፏቸው ብትጽፉልኝ ለዚያ የሚሆን አጭር የቃላት ዝርዝር እየሰበሰብኩ ነው።